ስለ ዓሣ ማጥመጃ ዕቃ አመራረጥና ስለ አንዲት ቋጠሮ

«ዓሣ ጐርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይላሉ አባቶቻችን። እኔም ባለፈው ዓመት ከወንድሜ ልጅ ጋራ ዓሣ ለማጥመድ ወጥቼ ከውሃው ያወጣሁት የገዛ ራሴን ስሕተት ነበር። ስለዚህ በውጭ አገር ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አንባቢዎቻችን፥ እንደዚሁም ለልጅ ዕቃ የሚገዛ ሰው ሁሉ፥ ከእኔ ጥፋት ትምህርት ያገኙ ዘንድ ነገሩን በዛሬው የቤተ ሰብ ገጽ ለመጻፍ አሰብሁ።

ታላቅ ወንድሜ በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን ከተማ አጠገብ፥ በቨርጂኒያ፥ ከሃያ ዓመት በላይ ኖሮአል። በዚያ ስፍራ የአገራችን ሰው እጅግ ብዙ ነው። ወንድሜም እንደ ብዙዎቹ ሌሊት እየሠራ ቀን ስለሚተኛ፥ የዐሥራ አራት ዓመት ልጁን የሚያየው ብዙውን ጊዜ በደጃፍ ላይ፥ አንዱ ሲገባ ሌላው ሲወጣ ነው። ችሎት በሚዘጋበት በነሐሴ ወር ፈቃድ ወስጄ ልጠይቃቸው በሄድሁ ጊዜ፥ ልጁ አባቱን የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም በፖቶማክ ወንዝ ባስ የሚባለውን ዓሣ የሚያጠምድበት ዘንግ ነው። ወንድሜም ገንዘቡን በእጄ ሰጥቶ «አንተ የፍርድ ቤት ሰው ነህ፤ መርምረህ ግዛለት» አለኝ።

ወደ መደብሩ ገብተን በግድግዳው ላይ እንደ ጦር የተደረደሩትን ዘንጎች ባየሁ ጊዜ ዐይኔ ፈዘዘ። ልጁ አንድ ቀጭን ዘንግ አንሥቶ «አጐቴ፥ ይህ ይበቃኛል» ቢለኝ፥ እኔ ዘንጉን እንደ ከዘራ በውፍረቱ መዝኜ «ይህ የሕፃን መጫወቻ ነው» አልሁት። ወፍራምና ደረቅ የሆነውን ዘንግ፥ ዋጋው ከፍ ያለውን የክር ማጠንጠኛ፥ በሬ የሚያስር የሚመስለውን ክር፥ ደግሞም ሠላሳ ዐይነት ማባበያ የሞላበትን ሣጥን ገዛሁ። የከፈልሁትም ገንዘብ የወንድሜ የሦስት ሌሊት ድካም ነበር።

በማግሥቱ በማለዳ ወደ ወንዙ ዳር ወረድን። ልጁ ዘንጉን አንሥቶ በወረወረ ጊዜ ማባበያው ከዐሥር እርምጃ ሳያልፍ ውሃ ውስጥ ወደቀ፤ ክሩም በማጠንጠኛው ላይ ተተብትቦ እንደ ተፈታ ጥጥ ሆነ። እኔ ክሩን ስፈታ፥ ልጁ ደግሞ ሲወረውር፥ ክሩም እንደ ገና ሲተበተብ ፀሐይ ከፍ አለች። በዚያ ሰዓት በአጠገባችን ተቀምጠው ያጠምዱ የነበሩ አንድ ጠጕረ ነጭ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ወደ እኛ መጡና ዕቃውን አገላብጠው አዩ። ከዚያም ሦስት ነገር ጠየቁን። የምትፈልጉት ምን ዐይነት ዓሣ ነው? የምታጠምዱት በምን ዐይነት ውሃ ነው? የሚወረውረውስ የማን እጅ ነው? እኔ በመደብሩ ሳለሁ ከነዚህ ከሦስቱ አንዱን እንኳ አልጠየቅሁም ነበር። የጠየቅሁት ዋጋውን ብቻ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ የዕቃ አመራረጥ ጥበብ ሁሉ በነዚህ በሦስቱ ጥያቄዎች ውስጥ ስለሚገኝ በየተራቸው እንመልከታቸው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ዓሣው። ባስ በሰሜን አሜሪካ የሚገኝ የጣፋጭ ውሃ ዓሣ ነው። ከወገኖቹም ሁለቱ በአጥማጆች ዘንድ እጅግ የታወቁ ናቸው፤ እነርሱም አፈ ሰፊውና አፈ ጠባቡ ናቸው። ባስ ሌላውን ዓሣ እያደነ የሚኖር ሲሆን፥ አፈ ሰፊው በተለይ በሣርና በወደቀ ግንድ ሥር አድፍጦ በአጠገቡ የሚያልፈውን ይነጥቃል። አብዛኛው ጊዜ በአጥማጅ እጅ የሚገባው ባስ ኪሎ ወይም ሁለት ኪሎ ነው። በዓለም ላይ ትልቁ ተብሎ የተመዘገበው አፈ ሰፊ ባስ በ1932 በጆርጂያ ግዛት ጆርጅ ፔሪ የተባለ ወጣት ገበሬ የያዘው ሲሆን ክብደቱ ዐሥር ኪሎ ገደማ ነበር፤ በ2009 በጃፓን አገር በቢዋ ሐይቅ ማናቡ ኩሪታ የሚባል ሰው እኩያውን እስኪይዝ ድረስ ብቻውን ቆይቶአል። ዘመኑ የችግር ዘመን ስለ ነበረ፥ ፔሪና ጓደኛው በዚያ ቀን በመካከላቸው የነበራቸው አንድ ዘንግና አንድ ማባበያ ብቻ እንደ ነበር ይተረካል፤ ዓሣውንም ቤተ ሰቡ በላው። ሠላሳ ማባበያ የገዛሁ እኔ ይህን በሰማሁ ጊዜ አፈርሁ።

ስለ ውሃው። የፖቶማክ ወንዝ ከታላቁ ፏፏቴ በላይ ድንጋያማና ጥሩ ጅረት ያለው ስለሆነ የአፈ ጠባቡ ባስ ስፍራ ነው። ይህም ዓሣ በዚያ ወንዝ ውስጥ አገሩ አልነበረም። በ1854 ሽራይቨር የሚባል ሰው ዓሣዎቹን በባልቲሞርና ኦሃዮ ምድር ባቡር ላይ፥ በሎኮሞቲቩ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ አድርጎ ተራራውን አሻግሮ ወደ ኩምበርላንድ አመጣቸው፤ ከዚያ ወዲያ ተራብተው ወንዙን ሞሉት። ወንድሜ ይህን ታሪክ በነገርሁት ጊዜ ስቆ «እንግዲያስ እርሱም እንደ እኛ ስደተኛ ነዋ!» አለ። ከዋሽንግተን ወደ ታች ያለው ውሃ ግን የባሕር ሞገድ እየገባበት ከፍና ዝቅ የሚል፥ በበጋቸውም ሣር የሚወርሰው ስለሆነ አፈ ሰፊው ይኖርበታል። በድንጋያማው ውሃ ቀለል ያለ ዘንግና ቀጭን ክር ይበቃል። በሣር መካከል ግን ጠንከር ያለ ክርና በሣሩ የማይያዝ መንጠቆ ያስፈልጋል።

ስለ እጁ። ዕቃው ለሚይዘው ሰው የሚመጥን ይሁን። ልጅ በሁለት እጁ እየታገለ የሚወረውረው ዘንግ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቅጣት ይሆንበታል።

ሽማግሌው ይህን ካስረዱን በኋላ የገዛሁትን ዕቃ ወደ መደብሩ መልሰን፥ ልጁ በመጀመሪያ አንሥቶት የነበረውን ቀጭን ዘንግ ይዘን ወጣን። ከተመለሰልኝም ገንዘብ የሚበልጠውን ለወንድሜ መለስሁለት። የመረጥናቸውም ዕቃዎች ከነምክንያታቸው እነዚህ ናቸው።

መጀመሪያ ዘንጉ ነው። ለጀማሪ ቁመቱ ሁለት ሜትር ገደማ፥ ኀይሉም መካከለኛ የሆነ ይስማማዋል። ዘንግ ሁለት ሥራ አለበት። አንደኛው ቀላሉን ማባበያ እንደ ወንጭፍ አርቆ መወርወር ነው፤ ሁለተኛውም ዓሣው በታገለ ጊዜ እየጐበጠ ንጥቂያውን ማብረድ ነው። የማይጐብጥ ዘንግ ቀላሉን ነገር ሊወረውር አይችልም፤ የዓሣውም ኀይል ሁሉ በክሩና በቋጠሮው ላይ ይወድቃል። ከፋይበርግላስ የተሠራው ዘንግ ርካሽና ቻይ ነው። ከግራፋይት የተሠራው ቀላልና ዓሣው ሲነካ ለእጅ ፈጥኖ የሚያስታውቅ ነው፤ ነገር ግን የመኪና በር ቢዘጋበት ወዲያው ይሰበራል። በእጀታው አጠገብ የሚስማማው የክርና የማባበያ ክብደት ተጽፎ ስለሚገኝ ገዢው ከዋጋው በፊት ያንን ጽሕፈት ያንብብ።

ሁለተኛው በእንግሊዝኛ ሪል የሚባለው ማጠንጠኛ ነው። እኔ አስቀድሜ የገዛሁት ዐይነት ክሩ ሲወረወር መዘውሩ አብሮ የሚሽከረከር ነው። የዚህ ዐይነቱን ብልኀት በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በኬንታኪ ግዛት ጆርጅ ስናይደር የተባለ ሰዓት ሠሪ እንደ ሠራው ይነገራል፤ በሠለጠነ እጅም እጅግ የሚያስመካ ዕቃ ነው። ዳሩ ግን አጥማጁ በአውራ ጣቱ መዘውሩን በልክ ካልገታው፥ መዘውሩ ከክሩ ይልቅ ፈጥኖ ይዞርና ያ መከራ ይመጣል። ለጀማሪ የሚሻለው ስፒኒንግ የሚባለው ነው፤ በዚህ መዘውሩ ቆሞ ክሩ ብቻ ከጫፉ እየተፈታ ይወጣል። የኔታ ፊደል ሳንለይ ዳዊት እንዳላስደገሙን፥ ልጅም ስፒኒንጉን ሳይለምድ ወደ ሌላው አይለፍ።

ሦስተኛው ክሩ ነው። እኛ የገዛነው ስምንት ፓውንድ፥ ማለት ሦስት ኪሎ ተኩል የሚያህል የሚችል የናይለን ክር ነው። ከዚህ የወፈረ ክር በትንሽ ማጠንጠኛ ላይ አይተኛም፤ በጠራ ውሃም ለዓሣው ይታየዋል። ናይለን በ1938 ለዓለም ከመገለጡ በፊት አጥማጆች የሐርና የተልባ እግር ክር ይይዙ ስለ ነበር፥ ማታ ማታ ካላደረቁት ይበሰብስባቸው ነበር። ናይለን በውሃ አይበሰብስም፤ ይሁን እንጂ ፀሐይ ያደክመዋልና በየዓመቱ ቢለወጥ መልካም ነው። በጥቅጥቅ ሣር ውስጥ የሚያጠምድ ሰው የተገመደውን ክር ቢይዝ ይሻለዋል። እርሱ ቀጭን ሲሆን ብርቱ ነው፤ ስለዚህም በተወጠረ ጊዜ ጣት ይቈርጣል፥ ለልጅም ጥንቃቄ ይፈልጋል።

አራተኛው ማባበያው ነው። ሠላሳው ቀርቶ በላስቲክ ትል ብቻ ጀመርን። ይህን ትል በ1949 በኦሃዮ ግዛት በአክረን ከተማ ኒክ ክሬም የተባለ ሰው ከሚስቱ ጋራ በቤታቸው ውስጥ ቀልጦ ከሚፈስስ ፕላስቲክ ሠርተው ለገበያ አወጡት፤ ከዚያ ወዲህ ለባስ አጥማጅ እንደ እንጀራ ሆነ። አሰካኩም እንዲህ ነው። አስቀድሞ ሾጣጣውን ትንሽ ክብደት በክሩ ላይ ማስገባት፤ ቀጥሎ መንጠቆውን መቋጠር፤ የመንጠቆውን ጫፍ በትሉ ራስ ወግቶ ጥቂት ወደ ውስጥ ካስገቡ በኋላ በጎን ማውጣት፤ መንጠቆውንም አዙሮ ጫፉን በትሉ ሥጋ ውስጥ መልሶ መሸሸግ ነው። ጫፉ የተሸሸገ ስለሆነ በሣርና በግንድ ሳይያዝ ያልፋል፤ ዓሣው በነከሰ ጊዜ ግን ላስቲኩን በስቶ ይወጣል። ክብደቱ ከእርሳስ የተሠራ ባይሆን ይመረጣል፤ እርሳስ ለሚውጡት የውሃ ወፎች መርዝ ነውና።

ስለ አጠቃቀሙም ጥቂት ልጨምር። ትሉ ከወረደ በኋላ እስከ ወንዙ አልጋ ይስጠም፤ ከዚያም የዘንጉን ጫፍ ቀስ ብሎ ከፍ ማድረግ፥ ዝቅ አድርጎም የላላውን ክር መጠቅለል ነው። የባስ ንክሻ ብዙ ጊዜ እንደ ጣት መታ መታ ያለ ነው። በዚያን ጊዜ ክሩን አጥብቆ ዘንጉን በብርታት ወደ ላይ መሳብ ይገባል። በማጠንጠኛው ላይ የክሩን መውጣት የሚያከብድና የሚያቀል ቁልፍ አለ፤ ክሩ ከሚችለው ኀይል ሢሶ ወይም ሩብ በሚያህል ስበት ይፈታ ዘንድ አስቀድሞ ይስተካከላል። እንዲህ ካልሆነ ብርቱ ዓሣ በአንድ ንጥቂያ ክሩን ይበጥሳል።

የሕግ ነገር ሥራዬ ነውና ሳልጠቅሰው አላልፍም። በዚያ አካባቢ 16 ዓመት የሞላው ሰው ያለ ፈቃድ ማጥመድ አይችልም። ወንዙም የሜሪላንድን፥ የቨርጂኒያንና የዋሽንግተንን አስተዳደር የሚያዋስን ስለሆነ፥ ፈቃዱ በየትኛው ውሃ እንደሚሠራና ምን ያህል የሆነውን ዓሣ መውሰድ እንደሚፈቀድ አስቀድሞ ማንበብ ያስፈልጋል። ከወንዙ የተያዘውን ዓሣ ለቤተ ሰብ ማዕድ የሚያቀርብም የጤና ሹሞች ስለ አበላሉ ያወጡትን ምክር ይመልከት።

አሁን ወደ ጥፋቴ እመለሳለሁ። በሁለተኛው ጕዞ ዕቃው ሁሉ ተስማምቶ፥ ልጁም አርቆ መወርወር ለምዶ ነበር። መንጠቆውን በክሩ ላይ የቋጠርሁት እኔ ነበርሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ መዝገብ ሳስር የኖርሁ ሰው ቋጠሮ ከማን እማራለሁ ብዬ፥ በለመድሁት አስተሳሰር ደረቁን ክር ሁለት ጊዜ ጠምዝዤ አጠበቅሁት። ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ዘንጉ ጐበጠ፤ ከሣሩም መካከል አንድ ትልቅ ባስ አፉን ከፍቶ ከውሃው በላይ ዘለለ። ልጁ በሕይወቱ የመጀመሪያውን ዓሣ አየ። ልብ ግን ከአንድ ጊዜ በላይ ሳይመታ ዘንጉ ቀና፤ ክሩም ባዶውን ወደ እኛ መጣ።

ልጁ ፊቱ ዐመድ መስሎ ዝም አለ። እኔም በአፌ ላይ የመጣልኝ የመጀመሪያ ቃል «ክሩ ርካሽ ስለሆነ ነው» የሚል ነበር። ከአንደበቴም ሳይወጣ ሽማግሌው የክሩን ጫፍ ይዘው አሳዩን። ጫፉ እንደ ወይን ሐረግ ተጠምዝዞአል። ክር በመካከሉ የተበጠሰ እንደ ሆነ ጫፉ የተቈረጠ ይመስላል፤ እንዲህ የተጠመዘዘ እንደ ሆነ ግን ቋጠሮው ተፈትቶ ሾልኮአል ማለት ነው። በደረቁ የጠበቀ የናይለን ቋጠሮ እርስ በርሱ ሲፋተግ ይግላል፤ በዚያም ስፍራ ክሩ ይደክማል። የእኔ አስተሳሰርም ለወረቀት ማሰሪያ እንጂ ለሚያዳልጥ ክር አልነበረም።

በችሎት ፊት ብዙ ሰው ጥፋቱን በሌላ ሲያሳብብ ሰምቼ ቃሉን ጽፌአለሁ። ልጁ በዚያ ሰዓት ከእኔ የሚሰማው ቃል ከዓሣው ይልቅ ከእርሱ ጋራ እንደሚቈይ ገባኝ። ስለዚህ «ልጄ፥ ክሩም ዘንጉም አልበደሉም፤ ዓሣህን ያጠፋሁብህ እኔ ነኝ። በመደብሩም የተናገርኸውን ሳልሰማ ቀረሁ» አልሁት። ጥቂት ቈይቶ «አጐቴ፥ እንግዲያው ሁለታችንም እንማር» አለኝ።

ሽማግሌው ያስተማሩን ቋጠሮ ፓሎማር ይባላል። ክሩን አጥፎ ድርብ ማድረግና ድርቡን በመንጠቆው ዐይን ማሳለፍ፤ በድርቡም ልል የሆነ ተራ ቋጠሮ መቋጠር፤ የቀረውን ቀለበት አስፍቶ መንጠቆውን በሙሉ በውስጡ ማሳለፍ፤ ከዚያም በውሃ ወይም በምራቅ አርሶ ሁለቱን የክር ጫፎች በአንድነት ይዞ ቀስ እያሉ ማጥበቅ ነው። ትራፊው ተቈርጦ ከተጣለ በኋላ ሳይስቡና ሳይሞክሩ ወደ ውሃ አይወረውሩም። የተቈረጠውም ትራፊ ወደ ኪስ ይግባ እንጂ በወንዝ ዳር አይጣል፤ ለብዙ ዓመታት ሳይበሰብስ የወፎችን እግር ያስራልና። በዚያ ሳምንት ልጁ በእራት ገበታ ሳይቀር እየቋጠረ እናቱን አስቈጣት፤ እኔም «እትዬ፥ ተይው፤ የእኔን ዕዳ እየከፈለ ነው» ብዬ ለመንሁለት።

ወደ አገሬ ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ወንድሜ ከሌሊት ሥራው ሳይተኛ፥ ፈቃዱንም አውጥቶ፥ ከእኛ ጋራ ወረደ። ልጁ ለአባቱ መንጠቆ ሲያስተካክል ወንድሜ ልርዳህ ብሎ ክሩን ያዘና ሊያጠብቀው ሳበ። ልጁም እጁን ይዞ «አባዬ፥ ቈይ፤ መጀመሪያ አርሰው» አለው። ወንድሜ ቀና ብሎ ልጁን አየ፤ ክሩንም ወደ አፉ አስጠግቶ አራሰው።

በዚያ ማለዳ ኪሎ የማይሞላ አንድ ባስ ተያዘ። ልጁ እጁን በውሃ አርሶ የታችኛውን ከንፈሩን በአውራ ጣቱ ያዘ፤ በሌላው እጁ ሆዱን ደግፎ መንጠቆውን አባቱ እንዲነቅል አደረገ። ሽማግሌው እንደ ነገሩን፥ በጸደይ ወራት ወንዱ ባስ ጎጆውን በጅራቱ ጠርጎ ዕንቍላሉንና ጫጩቶቹን የሚጠብቅ አባት ነው፤ በዚያ ወራት የተወሰደ እንደ ሆነ ሌሎች ዓሣዎች ልጆቹን ይበሉበታል። ወራቱ ጸደይ ባይሆንም ልጁ ዓሣውን ወደ ውሃው መለሰው፤ አባትና ልጅም ሄዶ እስኪሰወር ድረስ ጐን ለጐን ተንበርክከው ተመለከቱት።

እንግዲህ ለልጁ ዕቃ የሚገዛ አባት ዓሣውን፥ ውሃውንና እጁን ይጠይቅ፤ ልጁም በመደብሩ የሚናገረውን ይስማ። በልክ ከተገዛው ዕቃ የሚተርፈውን ገንዘብ ለአንድ ነጻ ማለዳ ያውለው። ቋጠሮውንም አርሶ ያጥብቅ። ለሚመጣው ሳምንት በሰላም ያድርሰን።